ለራሳችሁ ስራ ማስተሪንግ የሚሰራ ሰው ስለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአረርቲ በራሳቸው ብር ዘፈንና መዝሙር የሚሰሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ማስተሪንግ ምንድነው? ከሚክሲንግስ በምን ይለያል?

ሚክሲንግ ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች፣ ድምፃዊውን፣ ማሲንቆውን፣ ቤዙን፣ ከበሮውን አስማምቶ ወደ አንድ ስቴሪዮ ፋይል ማውጣት ነው። ማስተሪንግ የሚጀምረው እሱ ካለቀ በኋላ ነው። ሰውየው እጁ ላይ የሚገባው ያ ያለቀው አንድ ፋይል ብቻ ስለሆነ ማሲንቆውን ለብቻው ልጨምር ቢል አይችልም፣ አንድ ነገር ሲነካ ሙሉ ዘፈኑን ነው የሚነካው። ስለዚ ስራው የድምፁን አጠቃላይ ሚዛን ማስተካከል፣ ከሌላ ሰው ዘፈን ቀጥሎ ሲከፈት እንዳያንስ ድምፁን ማሳደግ፣ መጀመሪያና መጨረሻውን ማፅዳት፣ ጉድለት ካየ መናገር፣ ከዛ ለሚለቀቅበት ቦታ የሚሆነውን ፋይል አዘጋጅቶ መስጠት ነው።

በሸክላ ዘመን ይሄ ስራ ቃል በቃል ድምፁን ሸክላ ላይ ለመቅረፅ ማዘጋጀት ነበር፣ ቤዙ ከበዛ መርፌው ይዘል ነበር። አሁን ሸክላው ብዙም ባይኖርም ትልቁ ነገር አልተቀየረም፣ ዘፈኑን ከዚህ በፊት ሺ ጊዜ ያልሰማ የሰለጠነ ጆሮ ለህዝብ ከመውጣቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያደምጥላችኋል። የምትከፍሉት በዋናነት ለዛ ጆሮ ነው፣ የምትመርጡትም እሱን ነው።

አንድ ነጠላ ዜማ ዩቲዩብ ላይ ብቻ ነው የምለቀው፣ የግድ ያስፈልገኛል?

ሚክሱ ጥሩ ከሆነ አዎ ያስፈልጋል። ሚክሱ ገና ከሆነ ግን ብራችሁን እዛ ላይ አውሉት፣ ያላችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነም ያለ ምንም ማመንታት ሚክሱን ምረጡ። ጨው የበዛበት ወጥ በሚያምር ሳህን ስለቀረበ አይጣፍጥም።

ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ሰዉ የናንተን ዘፈን በምን እንደሚሰማው አስቡት። ግማሹ በስልኩ ስፒከር፣ ግማሹ ሚኒባስ ውስጥ፣ ቀሪው ባጃጅ ላይ በተገጠመ ትንሽ ስፒከር፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ሰርግ ቤት በሞንታርቦ። የስልክ ስፒከር የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም፣ ሞንታርቦው ደሞ ያንኑ ድምፅ አጋኖ ግድግዳ ያንቀጠቅጥበታል። ሁለቱም ጋ ዘፈኑ ዘፈን ሆኖ እንዲሰማ ማድረግ የማስተሪንግ ስራ ነው።

ቅንብሩንም ሚክሱንም የሰራልኝ ልጅ ማስተሩን ልጨርስልህ ይለኛል፣ ምን ችግር አለው?

እኛ አገር በብዛት የሚሰራው እንደዛ ነው፣ አቀናባሪው ሁሉንም ይዞ ይጨርሰዋል፣ ብዙ ጥሩ ስራም በዚህ መንገድ ወጥቷል። ችግሩ የችሎታ አይደለም። ልጁ ያን ዘፈን ለሳምንታት ሰምቶታል፣ ጆሮው ለምዶታል፣ ድምፃዊው የሚለውን ቃል በቃሉ ስለያዘው ግጥሙ ባይሰማም እሱ ይሰማዋል። ደሞ ክፍሉ ቤዝ የሚደብቅ ከሆነ ሚክሱ ላይ ያላየውን በዛው ክፍል፣ በዛው ስፒከር ማስተር ሲያረግም አያየውም።

ስለዚ አቅም ካለ ለሌላ ሰው መስጠቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ካልተቻለ ቢያንስ ሚክሱን ጨርሶ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲያስቀምጠውና ከዛ ማስተሩን እንዲሰራ ጠይቁት። ከሁለት አንዱንም ካላረጋችሁ ማንም አዲስ ጆሮ ሳይነካው ነው የሚወጣው።

የምሰራው ደብረ ብርሃን ነው፣ ለማስተሪንግ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?

የለባችሁም። ለቀረፃ ቦታ ያስፈልጋል፣ ለማስተሪንግ ፋይሉ ነው የሚሄደው። 130 ኪሎሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ መውረድ ሳያስፈልግ ከመሐል ሜዳም ሆነ ከደብረ ሲና መላክ ይቻላል፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ። ሰውየው አዲስ አበባም ይኑር ሌላ አገር ልዩነቱ ክፍያው ላይ ነው፣ አገር ውስጥ ያለው በቴሌብር ወይም በባንክ ይጨርሳል፣ ውጭ ያለው ዶላር ስለሚጠይቅ ካርድ ያለው ዘመድ መፈለግ ሊመጣ ነው።

አንድ ጊዜ ግን፣ በተለይ የመጀመሪያ አልበም ከሆነ፣ ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንድ ዘፈን ሲሰራ ብታዩ በጣም ደስ ይለኛል። ጥሩ ክፍል ውስጥ በጥሩ ስፒከር የራሳችሁን ስራ ስትሰሙ ሚክሳችሁ ላይ ምን እንደጎደለ በራሳችሁ ጆሮ ትደርሱበታላችሁ፣ ቀጣዩን ዘፈን የምትቀዱበት መንገድ ይቀየራል።

እዚሁ ደብረ ብርሃን ቤታቸው ውስጥ የሚሰሩ ጎበዝ ልጆችም አሉ፣ ቦታውን ብቻ አይታችሁ አትናቋቸው። አንድ ነገር ግን ጠይቋቸው፦ "በምንድነው የምትሰማው?" ግድግዳው ላይ ድምፅ የሚውጥ ነገር ያለው፣ ስፒከሩን የሚያውቀው፣ በሄድፎንም በመኪናም የሚያጣራ ልጅ በደንብ ይመልስላችኋል። "ሶፍትዌሬ ኦሪጅናል ነው" ብሎ የሚመልስ ጥያቄውን አልመለሰም።

ሰውየውን ከየት ነው የማገኘው?

ከናንተ ስራ ጋር የሚቀራረቡ፣ ድምፃቸውን የወደዳችሁላቸው አምስት ስድስት ዘፈኖች ምረጡ። ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ስር ያለውን መግለጫ ክፈቱና ሚክሲንግና ማስተሪንግ ማን እንደሰራው አንብቡ፣ ተደጋግሞ የሚመጣ ስም ካለ እሱን ያዙ። የሚቀራረቡ ያልኩት በምክንያት ነው፣ በራፕና በአፍሮ ቢት የታወቀ ሰው ሶስት መሳሪያ ብቻ ያለውን ቀረርቶ ላይገባበት ይችላል።

ጥንቃቄም አለው። የወደዳችሁት ድምፅ ከቅንብሩ ወይም ከሚክሱ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ማስተሩ ላይ ትንሽ ብቻ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚ ሰውየውን ስታገኙት የጨረሰውን ስራ ብቻ አትጠይቁት፣ የአንድ ዘፈን ማስተር ከመደረጉ በፊትና በኋላ ያለውን ለምኑት፣ የባለቤቱን ፈቃድ ካገኘ ያሰማችኋል።

የላከልኝን ናሙና ስሰማ ምኑን ነው የማዳምጠው? ሁሉም ጥሩ ይመስለኛል

ሁሉም ጥሩ የሚመስላችሁ ሁሉም ከሚክሱ ስለሚጮህ ነው። የሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አርጎ ይሰማዋል፣ አንድ ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ልዩነት እንኳን ፍርድ ያዛባል፣ ማንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፣ ባለሙያዎቹም ራሳቸው። ስለዚ ሚክሱንና ማስተሩን ጎን ለጎን ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡና ማስተሩን ከሚክሱ ጋር እኩል እስኪሰማ ድረስ ቀንሱት። ከዛ እየቀያየራችሁ ስሙ። እኩል ሲሆኑም ማስተሩ ከበለጠ ሰውየው ሰርቷል። እኩል ሲሆኑ ሚክሱ ከተሻለ የተደረገው ማስጮህ ብቻ ነው። ከዚህ ገፅ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙልኝ።

እኩል ካረጋችሁ በኋላ፣ ከበሮው ሲመታ አሁንም ይመታል ወይስ ፓፍ ብሎ ይሟሟል? ድምፃዊዋ "ሰ" እና "ሸ" ያለበት ቃል ላይ ስትደርስ ጆሮ ይወጋል? ዝም ያለ ቦታና የጋለ ቦታ ልዩነታቸው ቀርቷል? ዘፈኑን ሶስት ጊዜ ደጋግማችሁ ስትሰሙ ይደክማችኋል? ድካም ትልቅ ምልክት ነው፣ ከልክ በላይ የተጨመቀ፣ ማለትም ዝግ ያለውና የጮኸው እንዲቀራረብ የተደረገ ድምፅ መጀመሪያ ያስደስታል ከዛ ግን ሰዉ ሳይታወቀው ይዘጋዋል። ደሞ በአንድ ስፒከር ብቻ ስሙት፣ በሁለት ስፒከር ሰፍቶ የሚያምረው ኪቦርድ በአንድ ስፒከር ሲሆን ሊጠፋ ይችላል፣ ብዙ ስልክና ብሉቱዝ ስፒከር ደሞ አንድ ነው።

ከዚህ በፊት የለቀቀውን ስራ ለማየት አንድ መንገድ አለ፣ ኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብ ከፍታችሁ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ክሊክ "ስታትስ ፎር ነርድስ" የሚለውን ንኩ። እዛ ላይ ድምፁ ከዩቲዩብ መለኪያ በስንት ዲቢ እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ተፅፏል፣ 5 ወይም 6 ዲቢ ከላይ ከሆነ ዩቲዩብ ያንኑ ያህል ቀንሶታል ማለት ነው፣ ሰውየው ዘፈኑን ጨምቆ ያገኘው ጩኸት ለአድማጩ አልደረሰም።

የምሰራው በማሲንቆ፣ በበገና፣ በከበሮ ነው፣ የግድ የባህል መሳሪያ የሚያውቅ ሰው ይሁን?

በኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው፣ የኛ አካባቢ ልጆች ስራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው።

ከበገና ልጀምር። የበገና ድምፅ ያ የምናውቀው ዝዝታ ከእንዚራዋ ነው የሚመጣው፣ ከአውታሩ ስር ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ደርዳሪው ሆን ብሎ እያንዳንዷን አስተካክሎ የሚያስቀምጣት። በገና ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይሄን ዝዝታ የኬብል ወይም የቀረፃ ችግር መስሎት በድምፅ ማፅጃ ሊጠርገው ይችላል። ዝዝታው ከሄደ በገናው ሄደ። በዐቢይ ጾም የሚወጣ የበገና መዝሙር ያላችሁ ሰዎች ሰውየው አገር ውስጥ ቢሆንም እንኳን ቀድማችሁ ንገሩት፣ "ይሄ ድምፅ የመሳሪያው ነው፣ አትንካው"።

ማሲንቆ ደሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ክር ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሰራ፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፣ ሁለቱ ሲፋተጉ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ የዜማው አካል ነው፣ ከድምፃዊው ድምፅ ጋርም አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ማስተሪንግ ላይ ግጥሙ እንዲጎላ ብሎ መሀል ድምፁን፣ ቀጭንም ወፍራምም ያልሆነውን፣ ከፍ የሚያረግ ሰው ማሲንቆውንም አብሮ ያስጮኸዋል፣ ጆሮ ይወጋል፣ ከዛ ያን ለማለዘብ ሲቀንስ ድምፃዊው ይሰምጣል። የለመደው ሰው እዚህ ጋ እጁን ይሰበስብና "ሚክሱ ላይ ማሲንቆውን ትንሽ አውርዱልኝ" ብሎ ይመልስላችኋል። እንደዚህ ብሎ የመለሰላችሁን ሰው አትልቀቁት።

እልልታና ጭብጨባም እንዲሁ ናቸው፣ እልልታው ቀጭንና ኃይለኛ ነው፣ ሊሚተሩ (ድምፅ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚይዘው መሳሪያ) እሱን ለመያዝ ሲሞክር ሙሉ ዘፈኑን እልልታው በመጣ ቁጥር ወደታች ይጎትተዋል። ቀረርቶና ፉከራ ላይ ደሞ ነገሩ ሁሉ ያለው ከዝግታ ተነስቶ መፈንዳቱ ላይ ነው፣ መጀመሪያውን ከመጨረሻው እኩል ያስጮኸ ማስተር ፉከራውን ገደለው።

ቋንቋውስ? አማርኛ የማይሰማ ሰው ጥሩ ማስተር ሊሰራ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይሰራል። "ጨ"፣ "ጠ"፣ "ቀ" ላይ የምንለቀውን ስንጥቅ ያለ ድምፅ ግን ማይክ ላይ የተፈጠረ ቋቋታ አርጎ ሊቆጥረው ይችላል፣ በማፅጃ ካለፈበት ቃሉ ይደነዝዛል። ስለዚ መልሳችሁ ግጥሙን ቃል በቃል እየተከተላችሁ ስሙት። የግድ የባህል መሳሪያ ያጠና ሰው አላልኩም፣ ስለ መሳሪያው የሚጠይቃችሁና ስትነግሩት የሚሰማችሁ ሰው ይበቃል። ሁለት ዘፈን እንደ ምሳሌ ላኩለት፣ ማሲንቆው እንዴት እንዲሰማ እንደምትፈልጉ የሚያሳይ።

ሙከራ ልጠይቅ? ነውር አይሆንም?

ነውር አይደለም። ብዙዎቹ ከአንድ ዘፈን ላይ የአንድ ደቂቃ ያህል ሰርተው ያሰማሉ፣ አንዳንዱ ለአንድ ዘፈን ከፍላችሁ ከወደዳችሁ አልበሙን ይቀጥላል፣ ሁለቱም ፍትሃዊ ነው። ለሁለት ወይም ሶስት ሰው አንድ አይነት ዘፈን ስጡና ከላይ እንዳልኩት እኩል አርጋችሁ አወዳድሩ። ቀላሉን ዘፈን አትላኩ፣ በጣም የሚያስቸግረውን ላኩ። ለአስር ሰው በነፃ አሰርቶ ዝም ማለት ግን የሰው ጊዜ መብላት ነው።

ምን አይነት ፋይል ነው የምልከው?

ዌቭ ፋይል፣ 24 ቢት፣ ስትቀዱ በነበረው ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚያሳይ ቁጥር፣ በኪሎኸርዝ)፣ በ44.1 ከቀዳችሁ 44.1፣ በ48 ከቀዳችሁ 48፣ ራሳችሁ አትቀይሩት። ኤምፒስሪ አትላኩ፣ ኤምፒስሪውን ወደ ዌቭ መልሶ መቀየርም የጠፋውን አይመልሰውም። ማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ በመጨረሻ የሚያልፍበት) ላይ ድምፅ ለማስጮህ ያስገባችሁት ሊሚተር ካለ አውጡት፣ ከፍተኛው ጫፍ ከማይነስ 3 እስከ ማይነስ 6 ዲቢ አካባቢ ቢሆን ለሰውየው መተንፈሻ ይሰጠዋል። መጀመሪያና መጨረሻውን ቆርጣችሁ አትጠጉ፣ የሪቨርቡ (የማስተጋቢያው) ጭራ አብሮ ይቆረጣል።

በ24 ቢትና በ44.1 አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ወደ 16 ሜጋባይት ነው፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 80 ሜጋባይት ይጠጋል፣ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቦታ ያላችሁ ልጆች ፓኬጁን በዚህ አስቡት። በቴሌግራም ከላካችሁ "ፋይል" በሚለው ላኩ፣ በድምፅ መልእክት ተቀድቶ የተላከ ለምንም አይሆንም። ደሞ አንድ ነገር፣ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የተቀዳ ድምፅ ወይም ግራውንድ ከሌለው ሶኬት የገባ የ50 ኸርዝ ሃምታ፣ ማለትም ከመብራቱ የሚመጣ እምምም የሚል ድምፅ፣ ካለ ለሰውየው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሃምታውን መቀነስ ይቻል ይሆናል፣ ዝናቡን ግን ከድምፃዊው ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው፣ ደግሞ መቅዳት ይቀላል።

ክፍያው እንዴት ነው? ምን ላይ እንስማማ?

አብዛኛው በዘፈን ነው የሚያስከፍለው፣ አልበም ከሆነ በጥቅል ይቀንሳል። ዋጋው ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ ቁጥር አልፅፍም፣ ስትደራደሩ ግን ብሩን ብቻ አታንሱ። ስንት ጊዜ ማስተካከያ ያካትታል? ከዛ በላይ ከሆነ ስንት ነው? ሚክሱን ቀይሬ ብመጣ እንደገና ልከፍል ነው? የምን የምን ፋይል ታስረክበኛለህ፣ ያለድምፃዊ የሚሆነውንስ ጭምር? መቼ ነው የሚያልቀው? እነዚህን በቴሌግራም ፅፋችሁ ይዛችሁ ቀብድ ክፈሉ፣ ግማሽ ቀብድ ግማሽ ሲያልቅ የተለመደ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲቃረብ ሁሉም አልበም አንድ ላይ ስለሚመጣ ባለሙያው ይጨናነቃል፣ ለበዓል የምትለቁ ከሆነ ቀድማችሁ ወረፋ ያዙ፣ በጥድፊያ የሚሰራ ማስተር ላይ የሚጎዳው ጆሮ ነው።

በኤአይ በነፃ ይሰራ የለ? ለምን እከፍላለሁ?

በኢንተርኔት ማስተር የሚሰራው ላንደር በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ አለ፣ ባንድላብ የሚባለውም በነፃ ይሰራል፣ ጥቅም የላቸውም አልልም። ዴሞ ለጓደኛ ለማሰማት፣ ሚክሱ ከፍ ሲል ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ብር ጨርሶ በሌለበት አንድ ነጠላ ዜማ ለመልቀቅ ጥሩ ናቸው። እንዲያውም ከባለሙያው ናሙና ጋር እኩል አርጋችሁ አወዳድሯቸው፣ ሰውየው ከነፃው ካልበለጠ አትክፈሉት።

የማይሰሩት ግን አለ። ማሲንቆውን አውርዱት ብለው አይመልሱላችሁም፣ ዝዝታው የመሳሪያው ነው ወይ ብለው አይጠይቁም፣ የሰጣችኋቸውን ተቀብለው የሆነ ነገር ይመልሳሉ። ለአመታት ብር አጠራቅማችሁ የሰራችሁትን አልበም ለዛ ባትሰጡ እመርጣለሁ።

ማይነስ 14 ላፍስ መሆን አለበት ይላሉ፣ ካልሆነ ይወድቃል?

ላፍስ ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚሰማ የሚለካበት መስፈሪያ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጮሃል። ስፖቲፋይ ሲያጫውት ወደ ማይነስ 14 ያስተካክላል፣ አፕል ሙዚክ ወደ ማይነስ 16፣ ዩቲዩብ ደሞ ማይነስ 14 አካባቢ፣ የጮኸውን ይቀንሳል ዝግ ያለውን ግን አይጨምርም። ይሄ ማለት ማይነስ 8 አርጎ የተጨመቀ ዘፈን እዛ ላይ ሲጫወት ወደታች ይወርዳል፣ ጭምቀቱ ብቻ ይቀርበታል።

ግን ማይነስ 14 ህግ አይደለም፣ ብዙ የሚሸጥ ሙዚቃ ከሱ በላይ ነው የሚወጣው፣ አይወድቅም። እኛ ጋ ደሞ ሌላ ምክንያት አለ፣ ዘፈኑ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽና በሚሞሪ ይዞራል፣ ሚኒባስ ውስጥና ሰርግ ላይ ማንም አያስተካክለውም፣ ዝግ ያለው ዘፈን ከሌላው መሀል ሲመጣ ያንሳል። ስለዚ ጥሩ ሰው መሀል ላይ ይይዘዋል፣ እንደ ዘፈኑ ፀባይ፣ የበገና መዝሙር ዝቅ ብሎ ቢቀር ምንም አይደል፣ የጭፈራ ዘፈን ከፍ ይላል። ከላፍሱ ይልቅ በደንብ ጠይቁት የምለው ትሩ ፒክ (የድምፁ እውነተኛ ከፍተኛ ጫፍ) ማይነስ 1 ዲቢ ላይ ይቆማል ወይ ብላችሁ ነው፣ ዩቲዩብና ሌሎቹ የፋይሉን መጠን ሲያሳንሱት ጫፉ ስለሚያድግ ዜሮ ላይ የተለጠፈ ማስተር መሰንጠቅ ይጀምራል። ዘፈኑን ሳይሰማ "ሁሉንም ማይነስ 14 ነው የማረገው" የሚል ሰው በጆሮው ሳይሆን በመለኪያው ቁጥር ነው የሚሰራው።

ስቴም ማስተሪንግ የሚሉት ይሻላል?

በአንድ ስቴሪዮ ፋይል ፋንታ አራት አምስት ክፍል አርጋችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ድምፃዊው ለብቻ፣ ከበሮና ቤዝ ለብቻ፣ ማሲንቆና ክራር ለብቻ። ማሲንቆና ድምፃዊ የሚጣሉበት ዘፈን ላይ በጣም ይጠቅማል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ሚክሱን ሊያስተካክል የሚችል ሰው ካላችሁ ግን ሚክሱን ማስተካከል ይቀድማል። ስቴሞቹ አንድ ላይ ሲከፈቱ ልክ ሚክሱን የሚመስሉ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ አትላኩ።

አልበሜ ላይ ዘፈኖቹ በተለያየ ስቱዲዮ ተሰርተዋል፣ ማስተሩን ለተለያየ ሰው ልስጥ?

አይ፣ ለአንድ ሰው ስጡ። ሶስቱ ደብረ ብርሃን፣ አራቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ መንዝ ቤት ውስጥ የተቀዳ አልበም ላይ አንድ እጅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር አድማጩ ድምፁን ከፍ ዝቅ ማረግ የለበትም። ሁሉም እኩል ይጩህ ማለት አይደለም፣ ትዝታው ከጭፈራው ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ቅደም ተከተሉን ወስናችሁ ስጡት፣ በዘፈኖቹ መሀል ያለውን ዝምታም እሱ ነው የሚለካው።

ማስተሩ የማን ንብረት ነው? ኮዱስ?

ክፍያውን የጨረሰ የስራው ባለቤት ነው ፋይሉን የሚይዘው፣ ባለሙያው የሚያገኘው ክፍያና ስሙ መጠቀስ ነው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁ መብት ይሰጣል፣ ብሩን አውጥቶ ያሰራው ማን እንደሆነ በፅሁፍ መኖሩ እዚህ ጋ ይጠቅማችኋል። "ማስተሪንግ በነፃ እሰራለሁ ግን ከገቢው ድርሻ" የሚል ሰው ከመጣ ስንት በመቶ፣ ለስንት አመት፣ ከየትኛው ገቢ የሚለውን ሳትፅፉ እሺ አትበሉ።

ኮድ የምትሉት አይኤስአርሲ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚሰጥ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ። ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና አፕል የሚያስገባላችሁ አከፋፋይ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሰጣል፣ ማስተር የሚሰራው ሰው የግድ አያመጣውም። ማስተር የተደረገውን ዌቭ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ከስልካችሁ ውጪ።

ማስተሩን አልወደድኩትም፣ ሰውየው ደሞ "የሚክስህ ችግር ነው" ይለኛል። ማንን ልመን?

ጆሯችሁን፣ ግን በስርአት። ሚክሱንና ማስተሩን እኩል አርጋችሁ የጠላችሁትን ቦታ ብቻ ፈልጉ። ችግሩ ሚክሱም ላይ ካለ፣ ማስተሩ ያጎላው ቢሆን እንኳን፣ ሰውየው እውነቱን ነው። ሚክሱ ላይ ከሌለና ማስተሩ ላይ ከመጣ የሱ ነው፣ ማስተካከልም አለበት። "አልጣመኝም" ብላችሁ አትላኩለት፣ "1፡42 ላይ ማሲንቆው ሲገባ ድምፃዊው ይሰምጣል፣ ሚክሱ ላይ አይሰምጥም" ብላችሁ ላኩለት፣ እንደዛ የተፃፈ ነገር ላይ የሚከራከር ባለሙያ ጥቂት ነው።

የሚክሱ ከሆነ ሚክስ ወዳረገላችሁ ልጅ ተመለሱ፣ ሰውየው የፃፈውን ሳትቀይሩ አሳዩት። ሁለቱን በስልክ ማገናኘት ከተቻለ ደሞ አገናኟቸው፣ እናንተ መሀል ሆናችሁ ስታስተረጉሙ ግማሹ ይጠፋል። ልጁ ሚክሱን ሲያስተካክል ሶስት አርጎ ያውጣላችሁ፣ አንዱ እንዳለ፣ አንዱ ድምፃዊው አንድ ዲቢ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ያለድምፃዊ። ሶስቱንም አንዴ ላኩለት፣ ማስተሩ ላይ ድምፃዊው ትንሽ ወደኋላ ቢል ሰውየው ሁለተኛውን ያነሳል፣ እንደገና ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ መመላለስ አይኖርም።